ከጎተራ የሚበላው ተማሪ

የጎጃም ደጋ በእህል ሀብቱ ስሙ የገነነ ምድር ነው፤ የጎዛምን፣ የማቻከል፣ የእነማይና የደብረ ኤልያስ ጤፍና ስንዴ ከወረዳ ገበያ አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ በዚያው ጥናት 38 በመቶ ነበር። የዚያን ጊዜዎቹ ሕፃናት ዛሬ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ናቸው።

የዚህ ጉዳት ምክንያት የእህል እጥረት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሆድ በእንጀራና በንፍሮ ሲጠግብ ሰውነት ግን ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ኤ እና ጥራት ያለው ፕሮቲን ሊያጣ ይችላል፤ በተለይም ጤፉን ለገበያ ሸጦ በቆሎውን ለቤቱ በሚያስቀር ገበሬ ዘንድ፣ እንዲሁም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በጾም ቀናት ወተትና እንቁላል በማይቀምስበት አገር፣ ዕለታዊው እህል ራሱ ምን እንደያዘ መጠየቅ የግድ ይሆናል።

መንግሥት የመረጠው አንዱ መንገድ ምግብን በፋብሪካ ማበልጸግ ነው። በአዮዲን የበለጸገው ጨው ብዙ ቤት የደረሰው ጨው የማይገዛ ገበሬ ስለሌለ ነው፤ የስንዴ ዱቄት ግን እንዲህ አይደለም፤ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬ ያመረተውን በአቅራቢያው ወፍጮ ቤት አስፈጭቶ የሚበላ በመሆኑ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት የፋብሪካ ዱቄት ጋር ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። እንግዲህ ንጥረ ነገሩ ከጎተራ ለሚበላ ልጅ የሚደርሰው ቀድሞ ዘሩ ውስጥ ሲገባ ነው። ባዮፎርቲፊኬሽን የሚባለውም ይኸው ነው፤ የሰብሉን ንጥረ ነገር በዝርያ ማሻሻያ ወይም ዚንክን በመሰለ ማዳበሪያ ገና በማሳው ላይ ማሳደግ።

በደቡብ ኢትዮጵያ የታወቀው የዚህ ዓይነት ሰብል፣ ብርቱካንማ ስኳር ድንች፣ በቫይታሚን ኤ የተመሰገነ ቢሆንም ሙቀት ወዳድ ነውና ከቆላው ከዓባይ ሸለቆ ወጥቶ በጮቄ ተራራ ግርጌ ብርድ ይለምዳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ለወይና ደጋው የጎጃም ክፍል የሚቀርበው ጥራት ያለው ፕሮቲን የያዘ በቆሎ ነው። ተራው በቆሎ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉ የፕሮቲን መገንቢያዎች ያንሱታል። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ወደ እጥፍ የሚያደርስ ዘረመል ያለው በቆሎ ቢታወቅም፣ ፍሬው ለስላሳና ለነቀዝ የሚመች ስለነበር ገበሬ የሚቀበለው አልሆነም፤ ሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ኤቫንጀሊና ቪዬጋስና ሱሪንደር ቫሳል ለዓመታት ደክመው ፍሬውን አጠነከሩት፤ በ2000ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ኢትዮጵያም በባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ጋቢሳን፣ ለደጋማ ቦታ የተለቀቀውን ወቢን የመሳሰሉ ዝርያዎች አሏት።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? የመጀመሪያው ችግር ከአበባ ብናኝ የሚመጣ ነው። ይህ ዘረመል የሚሠራው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ስለሆነ፣ በጠባብ ማሳ የተዘራው ከጎረቤት ተራ በቆሎ ብናኝ ከደረሰው በዚያ የተፀነሰው ፍሬ ጥራቱን ያጣል። ገበሬው የዘሩን ዋጋ ከፍሎ ልጁን ተራ በቆሎ ሊያበላ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከቅርብ አለ፤ በአካባቢው ለስንዴና ለጤፍ የተለመደው ኩታ ገጠም እርሻ፣ ተጎራባች ገበሬዎች አንድ ዝርያ በአንድ ጊዜ የሚዘሩበት አሠራር፣ የብናኙን ጣጣ በእጅጉ ያቃልላል። በባለሙያዎች ዘንድ ኩታ ገጠም የሚወደሰው በአብዛኛው በምርታማነቱ መሆኑ ያስገርማል።

ሁለተኛው ችግር ገበያ ነው። ነጩ ዝርያ በዓይን ከተራው በቆሎ ስለማይለይ ነጋዴ አንዲት ብር አይጨምርበትም፤ የማይታይ ጥራት ዋጋ የሚያገኘው አስቀድሞ አውቆ የሚገዛው ሲኖር ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ሊሆን የሚችለው ደግሞ የትምህርት ቤት ምገባ ነው፤ በአገሪቱ የትምህርት ቤት ምገባ ከአካባቢ ምርት እንዲቀርብ የማድረግ አሠራር ከ2012 ጀምሮ ሲሞከር ቆይቷል።

እዚህ ላይ ተስፋውን መመጠን ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቱ በቆሎውን ከባቄላ ወይም ከአተር ሽሮ ጋር ካቀረበ ጥራጥሬው ራሱ ላይሲን ስለሚሰጥ የአዲሱ ዝርያ ትርፍ ይቀንሳል፤ በቆሎው ብረትና ዚንክንም አይተካም። በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውና ተመራማሪው ዳውድ ጋሹ የተሳተፈበት ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ የእህል ማዕድናት መጠን ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ በመሆኑም ዚንክን በመሰለ ማዳበሪያ በሌላ ቦታ የተገኘ ውጤት ለጎጃም አሲዳማ አፈር ይሠራል ተብሎ መወሰድ የለበትም። ጥራጥሬ የተወደደበት፣ ወላጅን የሽሮ ባቄላ የሚቸግርበት ቤት ግን ከዚህ በቆሎ በእርግጥ ይጠቀማል፤ ቅድሚያውም ለእርሱ ሊሆን ይገባል።

በወይና ደጋው በቆሎ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ ነው። የጎጃም ዞኖች የትምህርትና የግብርና መምሪያዎች ከገበሬ ዩኒየኖች ጋር ስለ ዘር አቅርቦት፣ ስለ ኩታ ገጠም ማሳና ስለ መግዣ ዋጋ የሚዋዋሉት ከሚያዝያ ሳያልፉ ካልሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚበላው ያው የዘንድሮው ዓይነት በቆሎ ይሆናል።