ሻደይ ላይ ሳልጠራ ብሄድስ?

ክረምት ሲገባ የዚህ አምድ ደብዳቤዎች ጠባያቸው ይለወጣል። በበጋ ‹‹ከዳችኝ››፣ ‹‹ረሳኝ›› የሚለው ይበዛል። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ‹‹የት እንሂድ?›› ይመጣል። የዛሬው ጠያቂያችን ሁለቱን በአንድ ፖስታ ጠቅልሎ ልኮልናል። ደብዳቤውን ትንሽ አሳጥረነዋል፤ ስሙን አደራ ስላለን ትተነዋል።

‹‹ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው መካነ ሰላም ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በየወሩ እያዋጣን ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች። ሐሳባችን በነሐሴ ወጣ ብለን የልጃገረዶችን ጨዋታ ማየት ነው። ችግሩ ሦስታችን ሦስት ቦታ መረጥን። አንደኛው ባጃጅ የሚነዳ ነው፤ ‘ቆቦ ሄደን ሶለልን እንይ፣ ከበሮ ማለት የራያ ከበሮ ነው’ ይላል። ሁለተኛው ሞባይል ጥገና ይሠራል፤ ‘ላሊበላ ይሻላል፣ አሸንድዬንም አብያተ ክርስቲያናቱንም በአንድ መንገድ እናያለን’ ባይ ነው። እኔ ሰቆጣ ሄደን ሻደይን እንይ ብዬ ድርቅ ብያለሁ።

‹‹ጓደኞቼ የማያውቁት ነገር አለ። እዚሁ መካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማር የሰቆጣ ልጅ ወድጃለሁ። እሷም ትወደኛለች። ዓመት ሆነን። ለክረምት ስትሄድ ‘ዘንድሮ ሻደይን ከእኩዮቼ ጋር እጨፍራለሁ’ አለችኝ። ‘ና’ ግን አላለችኝም። እኔም ‘ልምጣ?’ አላልኳት። ድንገት ሄጄ ከከበሮው መሃል ብታየኝ ደስ አይላትም? ደግሞ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ እቀናለሁ። እዚያ ልጃገረዶቹ ሲጨፍሩ ጎረምሳው ዳር ቆሞ ሚስት ይመርጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ያለኝ ፈቃድ ሰባት ቀን ነው። ሦስቱንም ቦታ ማዳረስ ይቻላል? ካልተቻለ የቱን እንምረጥ? እኔስ ሳልጠራ ብሄድ ነውር ነው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከመካነ ሰላም››

ወንድማችን፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። አንዱ የመንገድ፣ አንዱ የልብ። የመንገዱ ስለሚቀል እሱን እናስቀድም።

ሦስቱን ማዳረስ አይቻልም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሦስቱም የሚጀምሩት በአንድ ቀን ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ልጃገረዶቹም በዚያው ዕለት ከወገባቸው ላይ ለምለሙን ሣር ታጥቀው፣ ከበሯቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ ቀኑ አንድ ነው። ጨዋታው እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ይዘልቃል፤ ሞቅ የሚለው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ስለዚህ አንዱን ስትመርጥ ሁለቱን ለከርሞ ማለትህ ነው። ‹‹ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እንቅመስ›› ካላችሁ ግን የምታዩት ከበሮ ሳይሆን መናኸሪያ ነው።

ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ይህ እንደ አዲስ ዓመት ኮንሰርት በር ላይ ትኬት ቆርጠህ፣ ‹‹እገሌ በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?›› ብለህ የምትጠብቀው አይደለም። የየሰፈሩ ልጆች የየራሳቸው ቡድን አላቸው። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያ በየደጁ እየዞሩ ያዜማሉ፣ ይመርቃሉ፣ ባለቤቱም ያቅሙን ይሰጣል። ባንዱ ራሱ ወደ አንተ ይመጣል ማለት ነው! ባለሥልጣናት የሚናገሩበት፣ ድምፅ ማጉያ የተተከለበት መድረክም በየከተማው ይዘጋጃል። እሱን አንድ ሰዓት እዩት፤ አልባሳቱን በአንድ ቦታ ያሳያችኋል። ከዚያ ግን ወደ ሰፈር ግቡ። አንድ ከተማ ምረጡ፣ አንድ ሰፈር ያዙ፣ እዚያው ሦስት ቀን ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ዜማውን ትለዩታላችሁ፤ በሦስተኛው ከተቀባዮቹ ጋር ታጨበጭባላችሁ።

አሁን ሰባቱን ቀን እንቁጠራቸው። ነሐሴ 13 ቡሄ ስለሆነ እዚያው መካነ ሰላም ሙልሙላችሁን ብሉ፤ የልጆቹን ሆያ ሆዬ ትቶ መሄድ ጥሩ አይደለም። ነሐሴ 14 በጠዋት ተነስታችሁ፣ በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጋችሁ ደሴ ታድራላችሁ። (ጋቢ ያዙ! የለጋምቦ የነሐሴ ጉም ወጣት ነው ብሎ አይምርም።) በነሐሴ 15 ደግሞ መንገዱ ይለያል።

ቆቦ ከሆነ፦ ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከወልዲያ ቆቦ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያው ቀን ትገባላችሁ። ነሐሴ 16፣ 17 እና 18ን አይታችሁ፣ በ19 ደሴ፣ በ20 ቤታችሁ ናችሁ። ሰባት ቀን ልክክ አለ። አገሩ ቆላማ ስለሆነ ጋቢያችሁ እዚያ ሸክም ነው። የባጃጁ ወንድማችንም አልዋሸም፤ የራያ ጭፈራ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ነው።

ላሊበላ ከሆነ፦ ከወልዲያ በደጋው ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ትታጠፋላችሁ። ቀኑ ይረዝማል እንጂ በ15 ማታ መድረስ ይቻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች ጋቢው እዚህ ሥራ ያገኛል። እንግዳ የለመደች ከተማ ናት፤ አልጋ ግን ቀድማችሁ በስልክ ያዙ።

ሰቆጣ ከሆነ፦ ወይ ቆቦን አልፎ በኮረም በኩል፣ ወይ ከላሊበላ ወደ ሰሜን ነው። በ14 ተነስታችሁ በ16 መንገድ ላይ ናችሁ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ቀን አመለጣችሁ። በሰባት ቀን ይጠብባል። ወይ ቡሄን መሥዋዕት አድርጎ በ12 መነሳት፣ ወይ ፈቃድ ማስጨመር ነው። የሰቆጣ ጨዋታ ግን ሌላ ጣዕም አለው፤ በአማርኛም በኽምጣኛም ይዜማል። ሳትረዳው የምታጨበጭብለት ዘፈን እንዴት ደስ እንደሚል የሄደ ያውቀዋል።

ከሁሉም በፊት ግን የመንገዱን ወሬ ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ እነዚህን ሦስት አካባቢዎች አዳርሷቸው ነበር። ከ2015 ዓ.ም ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሟል። ስለዚህ ዛሬ የጻፍንላችሁን ሳይሆን፣ በጉዞው ዋዜማ መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች የሚሏችሁን እመኑ። ‹‹ዘንድሮ ይቅርባችሁ›› ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ገንዘቡ አይሻግትም። ደሴ ድረስ ብቻ ሄዳችሁ አንድ ምሽት ባቲና አምባሰልን በማሲንቆ ብትሰሙም ወጪያችሁ ከንቱ አልቀረም፤ ሁለቱ ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ መሬት ነው።

እንግዲህ ወደ ልቡ ጉዳይ።

ወንድማችን፣ አንድ ጥያቄ እንጠይቅህ። ጓደኞችህ ሰቆጣ ለምን እንደምትል ያውቃሉ? አያውቁም። ለሦስት ባጠራቀማችሁት ገንዘብ የአንተን ፍቅር ሊጎበኙ ነው ማለት ነው፣ ሳይነገራቸው! ይህን መጀመሪያ አስተካክል። ዛሬ ማታ ሻይ እየጠጣችሁ ንገራቸው። ይስቁብሃል፤ ግድ የለም። ከሳቁ በኋላ ‹‹እንሂድልህ›› ካሉ በፈቃዳቸው ሄዱ። ‹‹አይ፣ እኛ ቆቦ›› ካሉም መብታቸው ነው።

ቀጥሎ ስለ ልጅቷ። ድንገት ብትታያት ደስ ይላታል ብለሃል። እስቲ ራስህን በእሷ ቦታ አድርገው። ዓመቱን ሙሉ ‹‹የት ነበርሽ? ከማን ጋር ነበርሽ?›› የምትባል ልጅ እነዚህ ቀናት የእሷ ናቸው። ከእኩዮቿ ጋር ተሠርታ፣ ለብሳ፣ ኩሏን ተኩላ ወጥታለች። ዙሪያዋን እናቷ፣ አክስቶቿ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። አንተ ከሁለት ጎረምሳ ጋር ብቅ ትላለህ። እሷ ትደነግጣለች፤ ከበሮው ይሳሳታል፤ አንዷ አክስት ‹‹ማነው ደግሞ ይኼ?›› ትላለች። ዓመት ሙሉ ለቤተሰቧ ያልተናገረችውን ነገር በአንድ ደቂቃ፣ በአደባባይ እንድትናገር አስገደድካት ማለት ነው። አንተ በ19 ተሳፍረህ ትመለሳለህ። መልሱን ቤት ቁጭ ብላ የምትሰጠው ግን እሷ ናት። አበው ‹‹ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት›› የሚሉት ለዚህ ነው።

‹‹ና›› አለማለቷን ግን በክፉ አትተርጉመው። ምናልባት አንተ ‹‹ልምጣ›› እስክትል እየጠበቀች ይሆናል። ምናልባት ገና አልደፈረችም። መገመት ትተህ ጠይቃት። እንዲህ ብለህ ጻፍላት፦ ‹‹ሻደይ ላይ ስትጨፍሪ ባይሽ ደስ ይለኛል። ልምጣ? ዘንድሮ አይመችም ካልሽኝ አልቀየምም።›› በቃ። አትጨምርበት፣ ደጋግመህም አትላክ።

‹‹ና›› ካለችህ፣ ‹‹የት ልቁም? ማን ነኝ ልበል?›› ብለህ አስቀድመህ ተስማማ። አልጋህን ራስህ ያዝ። ቡድኗን ከደጅ ደጅ አትከተል። ቤት ከጠሩህ እንደ እንግዳ ጎንበስ ብለህ ግባ፣ ቡናውን ጠጥተህ ውጣ። ‹‹አትምጣ›› ካለችህ ከጓደኞችህ ጋር ቆቦ ሂድ፤ ሶለልን በደስታ እይ እንጂ ፊትህን ጥለህ የእነሱን ጉዞ አታበላሽ። ዝም ካለችህም አትሂድ። ዝምታ እሺ ማለት አይደለም። ‹‹ዓመት አብረን ሆነን ለቤተሰብሽ የማልነገረው ለምንድን ነው?›› የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው፤ ግን ከክረምት መልስ፣ ፊት ለፊት፣ ቁጭ ብላችሁ ነው እንጂ በከበሮ መሃል አይደለም።

ስለ ቅናቱም እንንገርህ። ድሮ እነዚህ ቀናት ለጎረምሳው ዓይን መጣያ ነበሩ ሲባል የሰማኸው ሐሰት አይደለም። ዛሬም የሚያይ ዓይን አይጠፋም። ነገር ግን ታይታ መወሰድ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል። ዩኒቨርሲቲ የደረሰች ልጅ ደግሞ ፈቃዷ የት እንዳለ ታውቃለች። አንተ ዳር ቆመህ ስለጠበቅካት አትቀርልህም፤ ሰቆጣም መካነ ሰላምም ብትሆን የምትቀርልህ ስለወደደችህ ነው። ልትጠብቃት ከሆነ የምትሄደው ቅር። ልታያት ከሆነ ግን ጠይቀህ ሂድ።

በደብዳቤህ ግርጌ የባጃጁ ጓደኛችሁ ሙስሊም መሆኑን ጠቅሰህ ‹‹የማርያም በዓል ላይ ቢገኝ ቅር ይሰኙ ይሆን?›› ብለሃል። የወሎ ልጅ ይህን ይጠይቃል እንዴ! የሚያጨበጭብን እጅ ማን ሃይማኖቱን ይጠይቀዋል? ይልቅ ሦስታችሁም ይህን አትርሱ፦ ሲዘፍኑላችሁ ያላችሁን ስጡ፤ በስልክ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ እጃችሁን ሰብስቡ። እነዚያ ልጆች የእናንተን እህቶች ዕድሜ ናቸው።

ባጭሩ፦ መጀመሪያ ለጓደኞችህ ተናገር፤ ቀጥሎ ለእሷ ጻፍ፤ መልሷን አይታችሁ አንዱን ከተማ ምረጡ፤ መንገዱን ጠይቁ፤ ከዚያ ተነሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነሐሴ 16 በየዓመቱ ይመጣል፤ የልጅቷ እምነት ግን አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም።

ከተመለስክ በኋላ የሆነውን ጻፍልን። እኛም ‹‹ና›› ብላህ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉተናል።

ቸር ይግጠመን!