ቀመር ሲገለበጥ አብሮ የሚገለበጠው

በፊዚክስ የመመረቂያ ጽሑፎች የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ሐረግ የሚታለፍ ሥራ አለ፤ ቀመርን አዛውሮ የሚፈለገውን ተለዋዋጭ ለብቻው ማውጣት። «ከላይ ከተጠቀሰው ቀመር በመነሣት» ይባልና በቀጣዩ መስመር ተፈላጊው ፊደል ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ብቻውን ቆሞ ይገኛል። ለአልጀብራ ነገሩ በዚህ ያበቃል፤ በሁለቱም ወገን የተፈጸመ አንድ ዓይነት ስሌት እኩልነትን አያፈርስምና። ለሚለካ ተመራማሪ ግን ገና መጀመሩ ነው። የቀመሩ ባለቤት ሲለወጥ የሚለካውና የሚሰላው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የልኬት ስሕተት የሚያድግበት መጠን ይቀየራል፤ ቀመሩ የተመሠረተበት ቅድመ ሁኔታም ከዓይን ይርቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ሐረግ መሸፈን የአጻጻፍ ቁጥብነት ሳይሆን የምርምር ጉድለት ነው።

እጅግ የታወቀውን ምሳሌ፣ ቀላሉን ፔንዱለም፣ መመልከት ይበቃል። የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ «ጊ»፣ የፔንዱለሙ ርዝመት «ር»፣ የስበት ፍጥንጥነት «ስ» ቢባሉ የመማሪያ መጻሕፍት ቀመሩን ጊ = 2ፓይ√(ር/ስ) ብለው ያቀርቡታል። በዚህ መልኩ ቀመሩ ትንበያ ነው፤ ርዝመቱና ስበቱ ከታወቁ የውዝዋዜውን ጊዜ ይናገራል። ሁለቱም ወገን ካሬ ተደርጎ ስበት ለብቻው ሲወጣ ስ = 4ፓይ²ር/ጊ² ይሆናል፤ ያው ቀመር አሁን የልኬት መሣሪያ ሆነ። በመጀመሪያው መልክ የስበቱ ዋጋ በ1 በመቶ ቢሳሳት የተተነበየው ጊዜ የሚዛባው በግማሽ በመቶ ብቻ ነበር። በተገለበጠው መልክ ግን የጊዜው 1 በመቶ ስሕተት በስበቱ ላይ 2 በመቶ ሆኖ ይወጣል። የካሬ ሥሩ ያለዘበውን ካሬው ያገዝፈዋል።

የዚህን ትርጉም በቁጥር ማየት ይቻላል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ለመፈጸም 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ተማሪው 20 ውዝዋዜ ቢቆጥር 40 ሰከንድ ገደማ ይመዘግባል። ሰዓቱን በእጅ በማስነሣትና በማቆም የሚፈጠረው ስሕተት 0.2 ሰከንድ ቢሆን ይህ ከጊዜው 0.5 በመቶ ነው፤ በስበቱ ላይ 1 በመቶ፣ ማለትም 0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። የቆጠራው ብዛት ወደ 100 ቢያድግ የእጁ ስሕተት ሳይለወጥ የስበቱ ስሕተት ወደ 0.02 ይወርዳል። ርዝመቱን በ1 ሚሊ ሜትር መሳት ደግሞ የሚያመጣው 0.01 ብቻ ነው። ስለዚህ ድካሙ የት ላይ መዋል እንዳለበት የሚናገረው የተገለበጠው ቀመር ራሱ ነው፤ የሚጠይቀው ከተገኘ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ልዩነት የፈተና ቤት ጨዋታ አይደለም። ከተማዋ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለልም ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በሁለቱም ምክንያት የስበት ፍጥንጥነቷ ከመማሪያ መጻሕፍቱ 9.81 ያነሰና ወደ 9.78 የቀረበ ነው። በ1 ሜትር ፔንዱለም 100 ውዝዋዜ ሲቆጠር ይህ ልዩነት 0.3 ሰከንድ ያህል ይሆናል። በጥንቃቄ ለክቶ 9.78 ያገኘ ተማሪ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን ከ9.81 ጋር አስተያይቶ «የ0.3 በመቶ ስሕተት» ብሎ እንዲጽፍ ይጠበቃል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የሰከንዱን ንባብ ወደሚፈለገው ዋጋ መጎተት ነው።

በ1672 ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዣን ሪሼር ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው ካየን የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ሲቀርበት ልዩነቱን መዘገበ እንጂ አልሸሸገውም። ኒውተንም ኋላ ይህን ምልከታ ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጣፋ መሆኗን ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። ሪሼር ንባቡን ከፓሪሱ ጋር ቢያስማማው ኖሮ ማስረጃው ይጠፋ ነበር።

ከስሕተት ዕድገት ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዑደታዊ ስሌት ነው። የፔንዱለሙ ትክክለኛ ርዝመት ከመስቀያው እስከ ኳሱ የክብደት ማዕከል ነው፤ ይህም በማስመሪያ ለመለካት ያስቸግራል። ችግሩን ለማምለጥ ያው ቀመር ለርዝመት ይገለበጥና በስበት ቦታ 9.81 ገብቶ ርዝመቱ ይሰላል። ከጥቂት ገጾች በኋላ ይኸው ርዝመት ስበትን ለማስላት ይውላል። ውጤቱ በሚያስደንቅ ሁኔታ 9.81 ይሆናል። ቀመሩ የተቀበለውን መለሰ እንጂ ስለ ተፈጥሮ ምንም አልተናገረም። እያንዳንዱ መስመር በአልጀብራ ረገድ እንከን የለሽ ስለሆነ ገምጋሚ በቀላሉ አያገኘውም፤ የትኛው ቁጥር ተለክቶ፣ የትኛው ተሰልቶ፣ የትኛው ከመጽሐፍ ተወስዶ እንደ ገባ ካልተጻፈ በቀር።

ቅድመ ሁኔታውም አለ። ቀመሩ የሚሠራው ለአነስተኛ ማዕዘን ነው። ፔንዱለሙ በ20 ዲግሪ ቢለቀቅ የውዝዋዜው ጊዜ 0.76 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ ተገልብጦ የሚወጣውም ስበት ከ1.5 በመቶ በላይ ዝቅ ይላል። ይህ በአዲስ አበባና በመጽሐፉ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት አምስት እጥፍ ነው። በ5 ዲግሪ ግን በስበቱ ላይ የሚደርሰው 0.1 በመቶ ብቻ ነው።

ባለቤቱን መምረጥ ጥያቄውን መምረጥ እንደሆነ ከሄንሪ ካቨንዲሽ ሥራ በላይ የሚያሳይ የለም። በ1798 ባሳተመው ጽሑፍ የፈለገውና ያገኘው የምድርን እፍጋት ነው፤ ከውኃ 5.48 እጥፍ። የዛሬው ዋጋ 5.51 ያህል ነው። የስበት ቋሚውን ለክቷል የሚለው የመማሪያ መጻሕፍት አባባል የኋለኞቹ ቀመሩን ገልብጠው ያወጡትን ለእሱ መስጠት ነው። ከእፍጋቱ ቋሚውን ለማውጣት የምድር ራዲየስና የገጽ ላይ ስበት መግባት ነበረባቸው፤ የገጽ ላይ ስበትን መለካት ደግሞ በዘመኑ የፔንዱለም ሥራ ነበር።

ገጽ ስለሚያጣብብ የአልጀብራው ዝርዝር ይቅር የሚሉ አሉ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቀመር መገልበጡን ኮምፒውተርም በቅጽበት ይፈጽመዋል። መጻፍ ያለበት ኮምፒውተሩ የማያውቀው ነው፦ የትኛው ዋጋ በምን ተለካ፣ ስሕተቱ በተገለበጠው ቀመር ውስጥ ስንት እጥፍ ሆነ፣ የቀመሩ ወሰን ተጠብቋል ወይ። ይህ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። አንዳንዴም ጨርሶ አለመገልበጥ ይሻላል። ርዝመቱን ደጋግሞ እየለወጡ የጊዜውን ካሬ ከርዝመቱ አንጻር በግራፍ ማስፈር ይቻላል፤ የመስመሩ ተዳፋት 4ፓይ²/ስ ነው። የኳሱ ማዕከል በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ቢሳትም ስሕተቱ ለሁሉም ርዝመት አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ መስመሩን ከመነሻው ያንሸራትተዋል እንጂ ተዳፋቱን አይነካም፤ ስበቱንም አያዛባም።