ውሃ የሚመለስበትም ጉድጓድ ይመርመር

የላሊበላም ሆነ የብልባላ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለበት የላስታ ዓለት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ከቀዘቀዘ ግን ብዙ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ በእንፋሎቱ ኤሌክትሪክ የሚመነጭበትን ትኩስ መሬት ለማግኘት ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ ግድ ነው።

እዚያም በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የአሉቶ ተራራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ድረስ 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩበት፤ ሙቀቱም ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ቢተከልም ብዙም ሳይቆይ በብልሽት ቆመ። ስለ ጣቢያው ሲወራ የሚነሱት እንፋሎት የሰጡት ጉድጓዶች ናቸው። የተጠቀሙበት ውሃ የሚመለስበትን 7ኛውን ጉድጓድ ማን ያስታውሳል?

ይህ ቸልታ ያስከፍላል። በአሉቶ ሥር ሙቅ ውሃ የሚዘዋወረው በዓለቱ ስንጥቆች ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ብዙ ውሃ ስለዋጠ ብቻ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፤ ያንን ሁሉ የሚውጠው አንድ ሰፊ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁ በቀጥታ እንፋሎት ወደሚሰጠው ጉድጓድ ከመራ ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ሳይሞቅ ይደርሳል፤ ምርቱም ይወድቃል።

መመርመሪያው ዘዴ የታወቀ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ፣ ግፊት፣ ሙቀትና ፍሰት የሚለካ መሣሪያ በሽቦ ገመድ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃው ወደ ስንጥቅ ከሾለከበት ጥልቀት በታች የመሣሪያው መዘውር ዙሩ ይቀንሳል። ፓምፑ ከቆመ በኋላም ልኬቱ ይቀጥላል፤ ሌላው የጉድጓዱ ክፍል መሞቅ ሲጀምር ውሃ የጠጣው ቦታ ቀዝቅዞ ይቆያል። በሁለቱ ምልክቶች የስንጥቁ ቦታ ይታወቃል። ወዴት እንደሚያመራ ለማወቅ ግን ምልክት ያለው ኬሚካል ጨምሮ በሌሎቹ ጉድጓዶች መጠበቅ ያስፈልጋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ቁፋሮ ላይ ለተጣደፈ ሥራ አስኪያጅም አያስደስትም።

በካሊፎርኒያው የጋይሰርስ የእንፋሎት መስክ በ1980ዎቹ እንፋሎቱ በቂ ውሃ ሳይመለስለት ተመጥጦ ምርቱ አሽቆለቆለ፤ ከ1997 ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ ውሃ በረጅም ቧንቧ እየተሳበ ወደ መሬቱ ይገባል። እነሱ ዘግይተው የከፈሉትን ዋጋ እኛ በቅድሚያ ልንቀንሰው እንችላለን።

አሉቶ ላይ አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ቱሉ ሞዬ በተባለው ሌላ የእንፋሎት መስክም ቁፋሮ ተጀምሯል። ከየቦታው የሚነገረን የሜጋዋት ተስፋ ነው። ከዚያ ጎን የመመለሻ ጉድጓዶቹ የልኬት ውጤት ለአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ፤ ልኬቱም በየጊዜው ይደገም፤ ምክንያቱም ከሙቅ ውሃው የሚረጋው ሲሊካ ዛሬ ክፍት የሆነውን ስንጥቅ በጥቂት ዓመታት ሊደፍነው ይችላል።