ዘጠኝ ጎረቤታሞችና አንድ የተደበቀ ዋጋ



ተሰባስቦ መግዛት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሬ ገዝተን በቅርጫ እንከፋፈላለን። ለኡድሒያም አንድ በሬ ለሰባት ሰው ይበቃል። በቅርጫ ጊዜ በሬው ስንት እንደተገዛ ሁሉም ያውቃል፤ መደቡ በግልጽ ይደለደላል፤ ዕጣ ይጣላል። ማንም ቅር ብሎት ወደ ቤቱ አይገባም። ታዲያ ይህን ወግ ወደ ሌላው ዕቃ ስናሻግር ግልጽነቱን ለምን እዚያው ጥለነው እንመጣለን?

ይህን የምለው በሰፈራችን የደረሰውን ስላየሁ ነው። ዘጠኝ ቤተሰቦች ሆነን ፍሪጅ ለመግዛት ተስማማን። ከመካከላችን ሁለቱ ልጅ ሊድሩ የተዘጋጁ ነበሩ። አንዲት እህት አስመጪውን ስለምታውቅ ግዢውን እንድትፈጽምልን አደራ ሰጠናት። ዋጋውን ስንጠይቃት ግን «ለየብቻ እነግራችኋለሁ» አለችን። ምክንያቷ አስመጪው ከወሰነው ዋጋ በታች እንዳይሸጥ መከልከሉና ቅናሹ በይፋ እንዳይነገር ማስጠንቀቁ ነበር። እኔም ትንሽ ተከራከርኩና ቀነሰችልኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ከወር በኋላ በአንድ ቡና ላይ ነገሩ ወጣ። አንዷ ከሌላዋ 1,500 ብር አብልጣ ከፍላለች። የበለጠ የከፈለችው መከራከር የምታፍረው፣ ልጇን የምትድረው እናት ነበረች። ሰብሳቢዋ ደግሞ ዘጠኝ ፍሪጅ በመግዛታችን የተሰጠውን ምርቃት ለራሷ ወስዳለች። ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ ተከለካከሉ። ከሁሉ ያነሰውን የከፈልኩት ግን እኔ ነበርኩ።

እስቲ ነገሩን በሚዛን እንየው። ዝቅተኛ ዋጋ የሚወስኑ አስመጪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። ሱቅ ተከራይቶ፣ ዕቃውን አሳይቶ፣ ሲበላሽም የሚጠግን ነጋዴ ምንም ወጪ በሌለበት ሻጭ ከገበያ እንዳይወጣ ነው ይላሉ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1911 እንዲህ ያለውን ስምምነት በጅምላ ሕገ ወጥ ካደረገ በኋላ፣ በ2007 ግን እንደየሁኔታው ይመዘን ብሏል። በአገራችን የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአቅራቢና በቸርቻሪ መካከል ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ የሚወስን ስምምነትን ከልክሏል። ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክትም ደንግጓል። ስለዚህ «አስመጪው ከልክሎኛል» የሚለው ቃል ብቻውን አፋችንን ሊያዘጋ አይገባም።

በሸሪዓ በኩልስ? ነጋዴ ለአንዱ በ100 ለሌላው በ110 ብር ቢሸጥ፣ ማታለል እስከሌለበት ድረስ በራሱ ሐራም አይደለም። ነገር ግን ሽያጩ ሲፈጸም ዋጋው ለገዢው መታወቅ አለበት። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰብሳቢዋ ነጋዴ ናት ወይስ ወኪል? ነጋዴ ከሆነች «እኔ በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ» ትበልና ትርፏን ታግኝ። «በገዛሁበት ላይ ይህን ያህል እጨምራለሁ» ካለች የገዛችበትን ዋጋ በእውነት መናገር ግዴታዋ ነው። ወኪል ከሆነች ደግሞ ያለችበት ነገር አማና ነው። ያገኘችው ቅናሽም ሆነ ምርቃት፣ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱላት በቀር የወከሏት ሰዎች ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የግብይት በረካ በእውነትና በግልጽነት ላይ እንደሚገኝ፣ መደበቅና ውሸት ደግሞ በረካውን እንደሚያጠፉት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አስተምረውናል።

ይህን ስል እህታችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ስትሮጥ ከርማለች፤ ለትራንስፖርትም ከኪሷ አውጥታለች። እኛ ግን የድካሟን ዋጋ እንወስንልሽ አላልናትም። ያልተነገረ ድካም የተደበቀ ትርፍ ይወልዳል።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት አራት ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ እንጻፍ፦ የመግዣውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን ወጪ፣ የሰብሳቢዋን የድካም ዋጋ፣ ቅናሽና ምርቃት ቢገኝ የማን እንደሚሆን። ደረሰኙን ሁሉም ይየው። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ አላህ የዕዳ ውል እንድንጽፍ ያዘዘን፣ በመካከላችን ጥርጣሬ እንዳይገባ ጭምር መሆኑን አንርሳ። ዋጋው ለእያንዳንዳችን በጆሮ የሚነገር ከሆነም «ለሁላችንም በአንድ ላይ ይነገረን» እንበል።

እኔ በበኩሌ የከፈልኩትን ለዚያች እናት ነገርኳት፤ ዝም በማለቴም አውፍ እንድትለኝ ለመንኳት። ከዚያ ሰብሳቢዋን ቤቷ ድረስ ሄደን ሒሳቡን አብረን አየን። ለድካሟ የሚገባትን ተስማምተን ሰጠናት፤ እሷም ልዩነቱን መለሰች። ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ጎረቤት ከፍሪጅ ይበልጣል።