ሁለት መስመር አየሽ፤ ግን ጽንሱ የት ነው ያለው?

ከፋርማሲ የተገዛው መመርመሪያ ሁለት መስመር ሲያወጣ ስልክ ላይ የሚፈለገው ነገር ይታወቃል፦ ስንት ሳምንቴ ነው? መቼ ነው የምወልደው? ወንድ ይሆን ሴት? እኔ ግን ከሁሉም መቅደም አለበት የምለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ነው ወይ?

የሽንት ምርመራ እርግዝና መኖሩን እንጂ ቦታውን አይናገርም። ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ይሆናሉ። አብዛኞቹ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ናቸው፤ ከመቶ አንዱ ገደማ ግን ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚያድገው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። አደጋው ግን ከቱቦው እርግዝና ይከፋል።

ለምን? ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ሕመም ያመጣል። ሆድ ሰፊ ነው፤ ጽንሱ እዚያ ለወራት ሊያድግ ይችላል። ልቡ ይመታል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። በአልትራሳውንድ የልብ ምቱን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚል ባለሙያ ሊያልፈው ይችላል። ጽንሱን የማህፀን ጡንቻ ከቦታል ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ይህ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በደንብ ይታያል፤ ሲገፋ ይከብዳል። ሲያጠራጥር ኤምአርአይ ይረዳል።

ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው። እርግዝናው ከገፋ በኋላ ትልቁ ፈተና እንግዴ ልጁ ነው። አንጀት ወይም ትልቅ የደም ሥር ላይ ተጣብቆ ከሆነ ሲላቀቅ ደሙ አልቆም ይላል፤ እንደ ማህፀን ተኮማትሮ ደም የሚያቆም ጡንቻ እዚያ የለማ! ስለዚህ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እትብቱን አስረው እንግዴ ልጁን እዚያው ይተዉታል፤ ሰውነት ቀስ በቀስ እስኪያጠፋው በክትትል ይጠበቃል። ቀድሞ ከታወቀ ደምም ባለሙያም ይዘጋጃል። ሌሊት ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በድንገት ሲገኝስ? እናት የምትሞተው እንዲህ ሲሆን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይመክራል። ለእኔ 24 ሳምንት ለዚህ ጉዳይ ረጅም ነው። «ጤና ጣቢያችን መሣሪያ የለውም» የምትሉ እውነታችሁን ነው። መሣሪያ ባለበት ከተማ ሆኖ አምስተኛ ወር መጠበቅ ግን ምን ይሉታል?

ክኒን ገዝታ በድብቅ ለማቋረጥ የምታስብም ትስማ፦ ያ ክኒን ከማህፀን ውጭ ያለውን እርግዝና አያወጣም። ደም ስለፈሰሰ «አለቀ» ብላ ትዘናጋለች፤ አደጋው ግን ውስጥ ነው።

የማይተው የሆድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስ መሳት፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም ካለ ሳይነጋ ሆስፒታል ነው። ወሩ የገፋ ከሆነ ደግሞ ልጁ ሲንቀሳቀስ የሚያም ከሆነ፣ ወይም የምጥ መድኃኒት ተሰጥቶ ምጥ እምቢ ካለ ይጠርጠር።

እህቴ፣ አልትራሳውንድ ክፍል ስትገቢ ከጾታው በፊት «ማህፀን ውስጥ ነው ወይ?» በይ። ወንድሜ፣ አንተም አብረሃት ግባና ጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።