ስለ ሞተር ፖርቶመጋላና ስለ ኩንታሉ ነገር



እንደሚታወቀው ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር የሚወስደው አስፋልት እዚሁ ይገናኛል። ወደ ናበጋና ወደ ዋገጠራ ለሚዘልቅ ሰው ግን መንገዱ ዋልካ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን ከሸፈነ ወዲህ ጭነቱ በዝቷል፤ ድሮ በአህያ ይመጣ ከነበረው እህል ዛሬ በሞተር ብስክሌት የሚመጣው ጥቂት አይደለም። ልጆቻችን በዚህ ሥራ ቤት ያስተዳድራሉና ሥራውን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ያሳሰበን ከመቀመጫው በታች ያለው ብረት ነው።

ከሞተሩ ኋላ ያለው ቀጭን ቱቦ አንድ ሰው ለማፈናጠጥ የታሰበ ነው። ኩንታል ሲጫንበት ይጎብጣል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ያኔ በያጁ ዘንድ ተኪዶ «ወፈር ያለ ብረት ምታበት» ይባላል፤ እሱም የታዘዘውን ይሠራል። ይሁን እንጂ የወፈረው ቦታ ስለማይነቃነቅ የመንገዱ ንቅናቄ ሁሉ ከጎኑ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ ያርፋል። የብየዳው ሙቀትም ያንኑ ቦታ አዳክሞታል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ቱቦውም በደረቀ የዋልካ ቦይ ላይ ሲንገጫገጭ ከርሞ አንድ ቀን ይበጠሳል። ባለፈው መኸር አንዱን የሠፈራችንን ልጅ የገጠመው ይኸው ነው፤ ብረቱ የተቆረጠው ከብየዳው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ነበር። ልጁ በእግዜር ቸርነት በቁስል ተረፈ።

ማጠናከሩ የሚቀር ካልሆነ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከፖርቶመጋላው ጫፍ ተነሥቶ እግር መርገጫው አካባቢ ካለው ዋና ሻንሲ የሚደርስ ዘንግ በግራም በቀኝም ይግባ፤ ሦስት ማዕዘን የሠራ ብረት በቀላሉ አይጎብጥም። ዘንጉ በብየዳ ፋንታ በቡሎንና በዳዶ ቢታሰር፣ ሲላላ ይጠብቃል፣ ሲበላሽ ይቀየራል። የግድ የሚበየድ ከሆነ ባትሪው ይፈታ፤ የቤንዚኑ ታንከር ይውረድ።

ሆኖም ፖርቶመጋላው ስለጠነከረ አሞርዛቶሬው፣ ጎማው፣ ራጂውና ፍሬኑ አልጠነከሩም። ፋብሪካው በመመሪያው ላይ የሚጽፈው የክብደት ልክ ነጂውንም ጨምሮ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 100 ኪሎ ሲጭን 160 ኪሎ መሆኑ ነው። ጭነቱ ከኋላ ጎማው መካከል አልፎ ወደ ኋላ ከተንጠለጠለ ደግሞ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፤ መሪው አይታዘዝም፤ የፊት ፍሬኑም በደንብ አይዝም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው፣ ኩንታሉ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ጉዞ 50፣ 50 ኪሎ ይጫን። ጆንያው ወደ ነጂው ተጠግቶ ይታሰር፤ በጭነት ላይ ሰው አይፈናጠጥ። ሙሉ ኩንታል ለጋሪ ወይም ለባጃጅ ይተው።

«ሁለቴ መመላለስ ቤንዚን ይበላል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ግን ሙሉውን ኩንታል በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ጉዞ አምጣ የሚለው ማነው? እኛው የእህሉ ባለቤቶች አይደለንም ወይ? ልጁ «አይሆንም» ቢል ሌላ እንጠራበታለን። እሱም ሥራው እንዳይቀርበት ብረት እያስጨመረ ይጭናል። በያጁ ብቻውን ይህን አያቃናውም። የሁለተኛውን ጉዞ ዋጋ አስጫኙ ይክፈል፤ ከወገብ ስብራት ይረክሳል።

ነጂዎችም ብትሆኑ ማታ ማታ ጭቃውን በጨርቅ ጠርጋችሁ የብየዳውን ዙሪያ እዩ። ቀለሙ ተሰንጥቆ የዛገ ቀጭን መስመር ከታየ ሞተሩ በዚያ ጭነት አይነሣ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።

የኅዳር አጨዳ ሳይደርስ በሚመጣው ስብሰባችን የጭነቱን ልክና ዋጋውን አብረን እንድንቆርጥ እናሳስባለን።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች