ሳይጨርሱ ሰባት ከአሥር

ጌም ሳይጨርስ ነጥብ የሚሰጥ ሐያሲ ደሜን ያፈላዋል። ስድስት ሰዓት ተጫውቶ ስልሳ ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ላይ «ሰባት ከአሥር» ብሎ ማኅተም ይመታል። ስለ ስድስቷ ሰዓት ደግሞ ትንፍሽ አይልም። ቢናገርማ ኖሮ ጠባችን በግማሽ በቀለለ።

ከዚህ ከጣርማ በር ሆኜ ነው የምጽፈው። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ በጉም ተውጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጣሊያን ከቆፈረው ዋሻ አፍ ይደርሳል። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ጨለማ ነው። በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ገደሉ አፉን ይከፍታል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ቆላው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከዋሻው አፍ ተመልሶ «ሸዋ ሮቢት ብርዳም ነው» የሚል ምስክር ቢመጣባችሁ ምን ትሉታላችሁ? የጌም ሐያሲ ሲሆን ግን ታጨበጭቡለታላችሁ!

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ኒየር አውቶማታ» የተባለውን ጌም ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ይወርዳል፤ ያለቀ ይመስላል። ሁለተኛው ዙር ያንኑ ታሪክ በሌላ ገጸ ባሕርይ ዓይን ያሳያል። ዋናው ጉድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝሩን ራሱን እየተኮስክ ታልፋለህ፤ ከዚያም ጌሙ አንድ ጥያቄ ያቀርብልሃል፦ የማታውቀውን ተጫዋች ለመርዳት፣ ያን ሁሉ ሰዓት የለፋህበትን የራስህን ፋይል ታጠፋለህ ወይ? የጌሙ ልብ እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ሲወርድ ኮምፒውተሩን የዘጋ ሐያሲ ስለየትኛው ጌም ነው የሚያወራን?

በሽታው በጌም አልተጀመረም። የደብረ ሲናው ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን «አደፍርስ»ን ስንቱ ነው ሃያ ገጽ አንብቦ የወረወረው? ይወርውረው፤ መብቱ ነው። ወርውሮ ሲያበቃ በየሻይ ቤቱ የልቦለዱን አወቃቀር ሲተነትን መስማት ነው የሚያንገበግበኝ።

የጌም ሐያስያኑ ጊዜ የለንም ይላሉ። አሳታሚው ጌሙን የሚልክልን ለሽያጭ ሊቀርብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው፣ ክፍያውም እዚህ ግባ አይባልም ይላሉ። እውነት ነው። ታዲያ ማን አስቸኮለህ? ፍርድህን አዘግየው! ቀድሞ የጻፈ ብዙ አንባቢ ያገኛላ፤ የችኮላው ምስጢር ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 «ሳይበርፐንክ 2077» ሲወጣ ሐያስያኑ አስቀድመው የተሰጣቸው የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ነጥቡን አዘነቡለት። በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሰው ግን በየደቂቃው የሚንገዳገድ ጌም ታቀፈ፤ ሶኒም ሳምንት አለፍ እንዳለ ከመደብሩ አነሣው። ያላየኸውን መመዘን ዋጋው በገዢው ኪስ ነው። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ትልቅ ጌም ለማውረድ የሚያልቀውን የኢንተርኔት ጥቅል አስቡት፤ ደብረ ብርሃን ጌም ቤት በሰዓት እየከፈለ የሚጫወተውን ልጅ አስቡት።

የእግር ኳስ ጌም መጨረሻ የለውም፤ እሱን ተዉት። ባለታሪኩ ጌም ከሰለቸህም ማንም አያስገድድህም፤ አቁም። የት ላይ እንዳቆምክ፣ በስንተኛው ሰዓት፣ ምኑ እንዳንገሸገሸህ ጻፍልኝ፤ እንዲያ ያለውን ጽሑፍ ከማንም በፊት አነባለሁ። ነጥብ ግን አትስጥ።